የታገደ ንብረት ገና አልተወረሰም፦ በእንግሊዝ ሕግ ስለ ንብረት እግድ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የምንነጋገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ክራውን ኮርት (ከባድ ወንጀሎችን የሚያየው ፍርድ ቤት) የሚሰጥ፣ ከወንጀል የተገኘ ሊሆን ይችላል የተባለ ንብረት ካለበት እንዳይንቀሳቀስ የሚያዝ የእግድ ትእዛዝ ነው። ወረቀቱ የሚነካው ተጠርጣሪውን ብቻ አይደለም። ሚስቱ ሱቅ ገብታ ካርዷ አልሠራ ይላታል። አብሮት ቤት የገዛው ወንድሙ የሞርጌጁ፣ የቤት መግዣ ብድሩ፣ ክፍያ ሳይወጣ ይቀርበታል። እቁብ የሚጥሉ ጓደኞቹ ገንዘባችን የት ገባ ይላሉ። ስለዚህ ንግግሬ ለእነሱም ጭምር ነው። የምጠራቸው ዓመቶች፣ የኢትዮጵያን አዋጅ ካላነሣሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እግድንና ውርስን፣ ማለትም መንግሥት ንብረቱን መውሰዱን፣ እንለይ። በእግድ ጊዜ ገንዘቡ ባለበት ባንክ፣ ቤቱ ባለበት ስም፣ መኪናው በቆመበት ደጅ ይቆያል። መንግሥት የሚወስደው ከወሰደ ኋላ ነው፤ ሰውየው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ በሌላ ክርክርና በሌላ ትእዛዝ። ነጻ ከወጣ ይህ እግድ ይነሣል። ይህ ልዩነት ያልገባቸው ሰዎች በሁለት በኩል ይጎዳሉ። አንዱ «አበቃልኝ፣ ወሰዱብኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የቤት ዕዳው ይከመራል፣ ሊጠይቅ የሚችለውን የቀለብ ገንዘብ እንኳ ሳይጠይቅ ወራት ያልፋሉ። ሌላው ደግሞ «ገና አልተፈረደብኝም፣ ገንዘቤ ነው» ብሎ ያንቀሳቅሳል፤ በመጀመሪያው ጉዳይ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በራሱ እጅ አዲስ ጥፋት ይፈጥራል።

ሕጉ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዌልስ ውስጥ ኤልኤስዲ የተባለውን ዕፅ ያመርቱ የነበሩ ሰዎች «ኦፕሬሽን ጁሊ» በተባለው ዘመቻ ተይዘው ታሰሩ። ከንግዱ ያገኙት 750,000 ፓውንድ ገደማ ግን መወረስ አልቻለም። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1980 የነበረው ሕግ የወንጀል መሣሪያን እንጂ የወንጀል ትርፍን ለመውረስ አያስችልም አለ። አገሩ ተቆጣ፤ በ1986 የዕፅ ንግድን ትርፍ የሚመለከት ሕግ ወጣ፣ እግድም አብሮ መጣ። ዛሬ የምንሠራበት በ2002 የወጣው የወንጀል ፍሬ ሕግ ነው፤ የእግድ ክፍሉ ከ40ኛው እስከ 49ኛው አንቀጽ ይገኛል። የሕጉ አሳብ ቀላል ነው፤ ክሱ ሁለትና ሦስት ዓመት በሚፈጅበት አገር፣ ፍርድ ሲደርስ የሚወረስ ነገር እንዲኖር ከመነሻው ይያዝ ነው የሚለው።

እንዴት ይሰጣል? ማመልከቻውን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ወይም ለዚህ የተፈቀደለት የገንዘብ መርማሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ወገን ሳይጠራ ይታያል፤ ቢጠራማ ገንዘቡ ከችሎቱ ቀድሞ ይሄዳል። ዳኛው የሚያየው የመርማሪውን የጽሑፍ ምስክርነት ነው፤ የሰሚ ሰሚ ማስረጃም ይቀበላል። ሰውየው ገና በምርመራ ላይ ከሆነ የሚጠየቀው ከወንጀል ጥቅም አግኝቷል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት መኖሩ ነው። እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት ይፈለግ ነበር፤ ከጁን 2015 ወዲህ ጥርጣሬ በቂ ሆኗል። ክስ ከተጀመረ በኋላ ግን አሁንም ለማመን የሚያበቃ ምክንያት ያስፈልጋል። የአንዲት ቃል ለውጥ ትመስላለች፤ ነገር ግን የመነሻውን ደጃፍ ብዙ ዝቅ አድርጋዋለች።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ንብረቱ ሊሸሽ ይችላል የሚያሰኝ እውነተኛ ስጋት መኖር አለበት። ይህ በአንቀጾቹ ላይ በቀጥታ አልተጻፈም፤ ፍርድ ቤቶቹ በውሳኔያቸው ያጸኑት ነው። ለመከላከያ ከሁሉ የሚጠቅመው ነጥብ ይኸው ይመስለኛል። ሰውየው ምርመራ እንዳለበት ከዓመት በፊት ያወቀ ከሆነ፣ ፖሊስ ጠርቶት ቃሉን የሰጠ ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ሂሳብ ካልዘጋ፣ ቤት ካልሸጠ፣ ስም ካላዛወረ፣ ዛሬ ሊያሸሽ ነው ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እግዱ ከመጣ በኋላ ጠበቃችሁ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር የዚያን ጊዜ የባንክ ስቴትመንት ነው።

ሌላም አለ። ሌላው ወገን በሌለበት የሚያመለክት ሰው የሚጎዳውን እውነት ጭምር ለዳኛው የመናገር ግዴታ አለበት። «ተጠርጣሪው ደመወዝተኛ ነው፣ ቤቱን የገዛው ወንጀሉ ተፈጸመ ከተባለበት ጊዜ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው» የሚል ነገር በእጁ ካለ መደበቅ አይችልም። ከደበቀ ትእዛዙ ሊነሣ የሚችልበት ምክንያት ይሆናል። ነገር ግን እንደ ቅጣት ወዲያው ይሻራል ማለት አይደለም፤ ዳኛው የተደበቀውን ነገር ክብደት ያያል።

አሁን ወረቀቱን እንክፈተው። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ትእዛዙን ብትጥሱ በፍርድ ቤት መድፈር ልትታሰሩ፣ ልትቀጡ ወይም ንብረታችሁ ሊያዝ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እስራቱ እስከ 2 ዓመት ይደርሳል። ማስጠንቀቂያው ለተጠርጣሪው ብቻ አይመስላችሁ፤ ትእዛዙን እያወቀ እንዲጣስ የረዳ ሁሉ ውስጡ ነው። ዝቅ ሲል ተጠርጣሪውና አብረው የተጠቀሱ ሰዎች ስም ይመጣል። ቀጥሎ ክልከላው አለ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ዋጋውን ማሳነስ፣ ከአገር ማስወጣት። መጨረሻ ላይ የንብረት ዝርዝር ይገኛል፤ የቤት አድራሻ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዝርዝሩን አይቶ «ያኛው ሂሳቤ የለበትም» ይላል። ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ያለውን ንብረት ሁሉ ነው፤ ዝርዝሩ እንደ ምሳሌ ነው። እንዲያውም ከትእዛዙ በኋላ የሚገባ ገንዘብንም ሊይዝ ይችላል። የወሩ ደመወዝ በታገደው ሂሳብ ከገባ ደመወዙም እዚያው ይቀራል።

ሌላው በወረቀቱ ውስጥ የሚገኝ ትልቅ ነገር የንብረት መግለጫ ግዴታ ነው። በተጻፈው ቀን ውስጥ ያላችሁን ሁሉ፣ የት እንዳለ፣ በማን ስም እንደሆነ በምስክርነት ቃል ጽፋችሁ ታስረክባላችሁ። ብዙ ሰው ራሴን ልከስ ነው ብሎ ይፈራል። በተለመደው ትእዛዝ ውስጥ መግለጫው በወንጀሉ ክስ በራሱ በሰጪው ላይ ማስረጃ እንደማይሆን የሚገልጽ አንቀጽ አለ። አንቀጹ በእናንተ ወረቀት ላይ መኖሩን ጠበቃችሁ ያሳያችሁ፤ ከዚያ እውነቱን ጻፉ። አዲስ አበባ ያለ ሂሳብ ረስቶ መዝለል ኋላ ገመናን ይገልጣል፤ ይሸሻል የተባለውን ስጋትም ያጸናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እንዲህ ነው። የታገደውን ገንዘብ አትንኩ፤ በሌላ ሰው እጅም አታስነኩ። ለእህት ስልክ ደውሎ «ያን መኪና ሽጪልኝ» ማለት ራሱ ጥሰት ነው። እህትየውም ገንዘቡ ከወንጀል መሆኑን እያወቀች ወይም እየጠረጠረች ካዛወረችው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን በማዘዋወር ልትከሰስ ትችላለች፤ ጣሪያው 14 ዓመት ነው። ቀጥላችሁ ከታገደው ሂሳብ በዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ባንኩ በራሱ እየቆረጠ የሚከፍላቸውን፣ ክፍያዎች በአንድ ገጽ ዘርዝሩ፤ ሞርጌጅ ወይም ኪራይ፣ ካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደር ግብር)፣ መብራትና ጋዝ፣ የመኪና ኢንሹራንስ። ባንኩ ትእዛዙ እንደደረሰው ሁሉንም ያቆማል፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። የሞርጌጅ ባንካችሁ ግን ስለ እግዱ ምንም ላያውቅ ይችላል። ለእሱ ያላችሁት ያልከፈለ ባለዕዳ ሆናችሁ ነው። ደብዳቤ ጽፋችሁ አሳውቁት።

ለኑሮ የሚፈቀድ ገንዘብ አለ። ሕጉ ምክንያታዊ የኑሮ ወጪ ይላል። በተለመዱ ትእዛዞች ብዙ ጊዜ በሳምንት 250 ፓውንድ ተብሎ ይጻፋል። ለንደን ውስጥ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ ግን በድንጋይ አልተቀረጸም፤ መነሻ ነው። ማሻሻያ የምትጠይቁት ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ነው፤ የወር ገቢና ወጪ ሠንጠረዥ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር ደረሰኝ ወይም ቢል። ከተስማሙ ስምምነቱ ለዳኛ ይላክና ማኅተም ያርፍበታል፤ ካልተስማሙ ለክራውን ኮርት ታመለክታላችሁ፤ ማመልከቻውና ማስረጃው ለሌላው ወገን ከቀጠሮው ቢያንስ 2 ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ደመወዝ የሚገባበት አንድ የተለየ ሂሳብ እንዲፈቀድ መጠየቅም የተለመደ ነው። ጥያቄው የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በዝቶ ሳይሆን ወረቀት ስለሌለው ነው። «ለምግብ 600» ብቻ ከሚል መስመር የሦስት ወር የገበያ ደረሰኝ ይበልጣል።

የጠበቃ ክፍያ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። እግዱ ከመጣበት ወንጀል ጋር ለተያያዘ ጉዳይ በግል ለቀጠራችሁት ጠበቃ ከታገደው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ለወንጀሉም ለእግዱም ክርክር። ስለዚህ የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ይጠየቃል። በዚያው ነገር ላይ የተነሣ የፍትሐ ብሔር ክስ ካለ ግን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2022 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ለዚያ ክስ የሚውል ምክንያታዊ ወጪ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የማያውቁ ጠበቆች ዛሬም ስላሉ ጠይቋቸው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተጠርጣሪው ነው። አሁን ወደ ሚስት፣ ወደ ወንድምና ወደ እህት ልመለስ፤ ብዙ ግፍ ሳይታወቅ የሚያልፈው እዚህ ነውና። በጋራ ሂሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ ሁሉ ይታገዳል፤ ባንኩ የትኛው ፓውንድ የማን እንደሆነ አይለይም። በሆስፒታል የጽዳት ሥራ የምትሠራ ሚስት ደመወዟ በጋራ ሂሳቡ የሚገባ ከሆነ ገንዘቧ አብሮ ይያዛል። ሕጉ በትእዛዙ የተነካ ማንኛውም ሰው እንዲነሣ ወይም እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል ይላል፤ ተከሳሽ መሆን አያስፈልግም። የራሷ ጠበቃ ብትይዝ ይሻላል፤ የባልና የሚስት ጥቅም እዚህ ላይ ሊጋጭ ይችላል፣ አንድ ጠበቃም ሁለቱን መወከል ያስቸግረዋል። ይዛ የምትቀርበው የደመወዝ ወረቀቷን፣ ደመወዙ ሲገባ የሚያሳየውን ስቴትመንትና ከሂሳቡ ምን ወጪ ትሸፍን እንደነበር ነው።

ቤትም እንዲሁ ነው። ቤቱ በባል ስም ብቻ ቢሆንም የመጀመሪያውን ክፍያ ያዋጣች ወይም ሞርጌጁን የከፈለች ሚስት በቤቱ ላይ ድርሻ ሊኖራት ይችላል። ከ2015 ወዲህ በውርስ ክርክሩ ላይ ዳኛው የሦስተኛ ወገንን ድርሻ እዚያው ሊወስን ስለሚችል፣ በእግዱ ጊዜ ዝም ያለች ሰው ኋላ ማስረጃ ፍለጋ ትሮጣለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተላከ 15,000 ፓውንድ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት በቶሎ አይገኝም፤ ባንኮች የድሮ መዝገብ ለዘላለም አያስቀምጡም። ዛሬ ጠይቁ።

ስጦታም ይያዛል። ወንጀሉ በሕጉ የወንጀል ኑሮ ከሚባለው፣ ማለትም ሰውየው በወንጀል ይተዳደር ነበር ከሚያሰኘው፣ ዓይነት ከሆነ፣ ክሱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 6 ዓመታት ውስጥ ተጠርጣሪው በነጻ ወይም ከዋጋው እጅግ ባነሰ የሰጠው ሁሉ በተቀባዩ እጅ ሳለ ሊታገድ ይችላል። ለእህቱ ሠርግ የሰጠው መኪና፣ ለወንድሙ በግማሽ ዋጋ የሸጠው ሱቅ። ተቀባዩ ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ግን የከፈለበትን ማሳየት አለበት። እኛ ዘንድ በወንድማማች መካከል ውል መጻፍ ነውር ይመስላል፤ «ከወንድሜ ጋር ምን ውል አለኝ» እንላለን። በዚህ ችሎት ግን ያልተጻፈ ሽያጭ ስጦታ መስሎ ነው የሚታየው።

እቁብ ላይ ደርሻለሁ። ተጠርጣሪው የእቁቡ ዳኛ ወይም ሰብሳቢ ከሆነ የሃያ ሰው ገንዘብ በእሱ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር እንለይ። ገንዘቡ የአባላቱ ነው፣ እሱ በአደራ የያዘው ነው የሚባል ከሆነ፣ አባላቱ የተነካ ሰው ሆነው መቅረብና የገንዘቡ ባለቤቶች መሆናቸውን መከራከር ይችላሉ። ዕጣ አውጥቶ ገንዘቡን ወስዶ ከዚያ መጣል ያቆመ ሰው ከሆነ ግን አባላቱ ተራ አበዳሪ ናቸው፤ ለተራ አበዳሪ ደግሞ በመርሕ ከታገደ ንብረት አይከፈልም። የሚለያያቸው ደብተሩ ነው። የአባላት ስም፣ ያስገቡበት ቀን፣ መጠኑ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው፣ ፊርማው። ደብተር ያለው እቁብ አፉን ከፍቶ ይከራከራል፤ በቃል ብቻ የሚሄደው ግን ምስክር ለማቆም እንኳ ይቸገራል። ለእቁብ ብቻ የተከፈተና የግል ገንዘብ የማይገባበት ሂሳብ ካለ ደግሞ ነገሩ እጅግ ይቀላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ንብረትስ? ሕጉ ንብረት በየትም ቢሆን ይላል። እግዱ የሚያስረው እዚህ ያለውን ሰው ነው፤ ቦሌ ያለውን ቤት ለመሸጥ ውክልና መስጠት እዚሁ ለንደን የተፈጸመ ጥሰት ነው። ውጭ ያለ ገንዘብ ወደ እንግሊዝ እንዲመለስ ማዘዝም ይቻላል። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ደንብ በመኖሩ ይህ በተባለው ቀን ላይሳካ ይችላል፤ ያኔ ዝም ማለት ሳይሆን ከኢትዮጵያ ባንካችሁ የጽሑፍ መልስ ይዞ ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ነው። አዲስ አበባ ያለው ባንክ በእንግሊዝ ወረቀት ብቻ አይታዘዝም፤ በመንግሥታት መካከል የትብብር ጥያቄ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 780/2005 የራሷን የእግድ ሥርዓት ደንግጋ ነበር።

ንግድ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ፍርድ ቤቱ ንብረቱን የሚያስተዳድር ሰው ሊሾም ይችላል። ሬስቶራንቱን ይረከባል፣ ያከራያል፣ ሠራተኛ ያሰናብታል፤ የራሱ ክፍያም ከዚያው ንብረት ይወጣል። ተከሳሹ ነጻ ቢወጣም ክፍያው እንደማይመለስ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2002 ወስኗል። ስለዚህ ሹመቱ ሲጠየቅ፣ ንግዱ ራሱ በወር ሪፖርት እያቀረበ ቢቀጥል እንደሚሻል ከሒሳብ አዋቂ ሰነድ ጋር ወዲያው መከራከር ነው የሚበጀው።

እግዱ መቼ ያበቃል? ቀነ ገደብ የለውም፤ ሕጉ የሚለው ምርመራው በምክንያታዊ ጊዜ ወደ ክስ ካልደረሰ ይነሣ ነው። ከ2015 ወዲህ በምርመራ ጊዜ በተሰጠ እግድ ላይ ዳኛው ስለ ምርመራው ሂደት ሪፖርት እንዲቀርብ ማዘዝ አለበት፣ አያስፈልግም ካለ ደግሞ ምክንያቱን መስጠት ግድ ነው፤ ይህ ካልታዘዘ ይታዘዝልን በሉ። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ መርማሪው የጠራችሁበትን፣ ዝም ያለበትን ጊዜ ሁሉ በቀን ጻፉ። ይግባኝ ለመጠየቅ በመጀመሪያ ለክራውን ኮርቱ የማንሻ ወይም የማሻሻያ ማመልከቻ ማቅረብ ግድ ነው፤ ይግባኙ በዚያ ላይ በተሰጠው ውሳኔ ነው የሚቀርበው። ካሣ የሚገኘው ግን መርማሪው ከባድ ጥፋት ሲፈጽም ብቻ ነው። ንጹሕ ሆኖ መገኘት ብቻውን ካሣ አያስገኝም። ይህን ሕግ ኢፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ሦስት ዓመት ንግዱ የታሰረበት ሰው ቢያንስ የደረሰበትን ቀጥተኛ ጉዳት ማግኘት ነበረበት።

ከዚህ እግድ ጋር የሚምታቱ ነገሮችም አሉ። ባንክ ሂሳባችሁን ዘግቶ ምክንያቱን አልናገርም ካለ፣ ገና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ላይኖር ይችላል፤ ባንኩ ለብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ ጥርጣሬውን አሳውቆ መልስ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ኤጀንሲው መጀመሪያ 7 የሥራ ቀን አለው፤ ከከለከለ 31 ቀን ይጨመራል፣ ያንንም ፍርድ ቤት ሊያራዝመው ይችላል። ባንኩ እንዳይናገር ሕግ ስለከለከለው የቅርንጫፉ ሠራተኛ ላይ መጮህ አይጠቅምም። ማጅስትሬት ፍርድ ቤት፣ ከክራውን ኮርት በታች ያለው፣ የሚሰጠው የሂሳብ እግድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ ይሠራል፣ ክስ ወይም ፍርድ አያስፈልገውም፣ ገንዘቡም ማንም ሳይታሰር ሊወረስ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ አየር ማረፊያ የተያዘ ሰውም በዚሁ ዓይነት ሕግ ነው የሚታየው፤ መጀመሪያ 48 ሰዓት ይይዙታል፣ ከዚያ ዳኛ ያራዝማል። ስለዚህ ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የሚታየው የፍርድ ቤቱ ስምና የተጠቀሰው አንቀጽ ነው። ክራውን ኮርት፣ አንቀጽ 41 ካለ ዛሬ ያወራነው ነው።

እግዱ ሲነሣ ደግሞ ሥራው አላለቀም። ባንኩ ማኅተም ያለበትን ትእዛዝ ካላየ ሂሳቡን አይከፍትም፤ ለእያንዳንዱ ባንክ አንድ አንድ ቅጂ ላኩ፣ የላካችሁበትንም ደረሰኝ ያዙ። በቤቱ ላይ በላንድ ሬጂስትሪ (በመሬትና በቤት መዝገብ ቤት) የተመዘገበው ገደብ በራሱ አይፋቅም፤ በማመልከቻ ነው የሚሰረዘው። ማመልከቻውን ሳያስገባ የቀረ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ሲል የገዢው ጠበቃ መዝገቡን አውጥቶ «ይህ እግድ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቀዋል።